ጃዝ የሚባለው ሙዚቃና የእሑድ ገበያው



ባለፈው ወር ከትምህርት ቤት ስወጣ አንዲት እናት በር ላይ ጠብቀው አስቆሙኝ። በገበያችን ሽንኩርትና ቲማቲም መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ ናቸው። ልጃቸው የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከጸጉር አስተካካዩ አጠገብ ባለው ዳስ ሥር ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሙዚቃ ይጫወታል። አንዱ ክራር ይመታል፤ አንዱ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኦርጋን አለው፤ አንዱ ቢጫ ጀሪካን ገልብጦ ከበሮ አድርጎታል። የእኚህ እናት ልጅ ደግሞ ከውሃ ቧንቧ የተሠራ ዋሽንት ይነፋል።

«መምህር» አሉኝ፣ «እባክዎ ልጄን አንድ ይበሉልኝ። ምንድን ነው የምትጫወተው ስለው ጃዝ ነው ይለኛል። ይህ ጃዝ የሚሉት ምንድን ነው? የመጠጥ ቤት ዘፈን አይደለም እንዴ? አባቱ በሕይወት ቢኖር ልጁ ገበያ መሃል ቆሞ ሳንቲም ሲለቅም ማየት ይችል ነበር?»

«በሚቀጥለው ሳምንት እመልስልዎታለሁ» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ግን የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። እንዲያውም ልጆቹ ገበያ ውስጥ እንዳይጫወቱ ለብሎካችን ሊቀመንበር እንንገር ብለው ከተነሱት ሰዎች መካከል አንዱ እኔ ነበርኩ። ትምህርታቸውን ይበድላል የሚል ነበር ምክንያቴ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ መምህር ነኝ እንጂ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም። ስለሆነም ለእኚህ እናት ቃል ከገባሁ በኋላ ያነበብኩትንና ያገናዘብኩትን ለእርሳቸውም ለእናንተም እነሆ አቀርባለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጃዝን ነገር ለማወቅ ኒው ኦርሊንስ ወደምትባለው ከተማ መሄድ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ደቡብ፣ የሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት አቅራቢያ የምትገኝ ወደብ ናት። በ1718 የቆረቆሯት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ቀጥሎ እስፓኞች ገዟት፤ በ1803 ወደ አሜሪካ ተዛወረች። ወንዙን ከጎርፍ የሚገድበውን ግድብ የሠሩት፣ እርሻውንም ያረሱት ከአፍሪካ በመርከብ ተጭነው የመጡ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። በ1724 ፈረንሳዮች ያወጡት የባሪያ ሕግ ጨካኝ ሕግ ነው። ነገር ግን እሑድ ሥራ እንዳይሠሩ የሚል አንቀጽ ነበረበት።

ታዲያ በዚህች አንድ ቀን ምን ያደርጉ ነበር? ይነግዱ ነበር። በተሰጣቸው ቁራሽ መሬት ያበቀሉትን አትክልት፣ ያረቡትን ዶሮ፣ የጠረቡትን ዕቃ ይዘው ከከተማው ቅጥር በስተጀርባ ወዳለው ሜዳ ይወጣሉ። ሴቶቹ ቡና፣ ከሩዝ የተጠበሰ ቂጣና ጣፋጭ ይሸጣሉ። በእስፓኞች ዘመን አንድ ባሪያ ዋጋውን ከፍሎ ራሱን ነጻ የማውጣት መብት ስለነበረው፣ ከዚህች ገበያ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅመው ነጻነታቸውን የገዙ አሉ። ይህን ሳነብ ለጥቂት ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሽንኩርት ሸጦ ራስን መግዛት!

ሸቀጡ ከተሸጠ በኋላ ከቀትር በኋላ ጨዋታው ይጀመራል። እያንዳንዱ ከየመጣበት አገር ሰው ጋር ክብ ይሠራል፤ የኮንጎው ለብቻ፣ የማንዲንጎው ለብቻ። ከበሮ ይመታሉ፤ ከቅል የተሠራ ባለ ክር መሣሪያ ይጫወታሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። እኛ በሠርግና በበዓል እንደምናደርገው ማለት ነው። ሜዳው ከዚሁ የተነሣ የኮንጎ አደባባይ ተባለ። በ1817 የከተማው ምክር ቤት በወሰነው መሠረት ባሮች ለጭፈራ መሰብሰብ የሚችሉት እሑድ ብቻ፣ ከንቲባው በሚመድበው ቦታ ብቻ ሆነ። ቦታው ይኸው የገበያ ሜዳ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቤተ ክርስቲያኑ የጌቶች ነው፤ ቤቱ የጌቶች ነው፤ መንገዱ የጌቶች ነው። ምንም መብት የሌለው ሰው ከወገኑ ጋር ተሰብስቦ፣ በቋንቋው ተጫውቶ፣ በአገሩ ምት እስክስታውን ወርዶ ወደ ሥራው የሚመለስበት አንድ ቦታ ቢኖር ገበያው ነበር። የጌታው ፈቃድ የደረሰው እስከዚያ ድረስ ነውና። ከበሮ መምታት በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ለባሮች ክልክል በነበረበት ዘመን፣ በኒው ኦርሊንስ ገበያ ግን ከበሮው ሳይቋረጥ ለልጅ ልጅ ተላለፈ።

በ1819 ላትሮብ የሚባል የታወቀ አርክቴክት በዚያ ሲያልፍ ድምፅ ሰምቶ ጠጋ ብሎ አየ። አምስት ወይም ስድስት መቶ ሰው ተሰብስቦ ነበር ይላል። ጨዋታው ምንም ደስ አላለውም፤ ለጆሮው ጩኸት ሆነበት። ይሁን እንጂ ደብተሩን አውጥቶ የመሣሪያዎቹን ሥዕል ሣለ። ዛሬ ስለዚያ ሙዚቃ እርግጠኛ ሆነን ብዙውን የምናውቀው ከዚህ ሙዚቃውን ከጠላው ሰው ማስታወሻ ነው። (በነገራችን ላይ እኔም ስለ ልጆቹ ጩኸት በደብተሬ የጻፍኩት ነገር አለኝ። ማን ያውቃል!)

አሁን ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ወደሚቀርበው ታሪክ ልለፍ። ዛሬ ሄይቲ በምትባለው፣ ያኔ ሴን ዶሚንግ በተባለችው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በ1791 ባሮች ተነሡ። ከብዙ ዓመት ጦርነት በኋላ አገሪቱ ነጻ ወጣች። በጦርነቱ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ጎረቤት ኩባ ሸሽተው ነበር። እዚያ ቤት ሠርተው፣ ቡና ተክለው፣ ልጅ ወልደው ተቀመጡ። ነገር ግን ናፖሊዮን እስፓኝን ስለወረረ፣ ኩባን የሚገዙት እስፓኞች በ1809 ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹን ስደተኞች ውጡ አሏቸው። በማያውቁት ጠብ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደዱ ማለት ነው። በ1809 እና በ1810 መካከል ወደ 9,000 የሚጠጉት ኒው ኦርሊንስ ገቡ። ከእነርሱም ሲሶ ያህሉ ነጮች፣ ሲሶው ነጻ የሆኑ ጥቁሮችና ክልሶች፣ ሲሶው በባርነት የተያዙ ነበሩ። በ1810 በተደረገው ቆጠራ የከተማይቱ ሕዝብ 17,242 ነበር። ከሁለት ሰው አንዱ ስደተኛ ነው ለማለት ምንም ያህል አልቀረም።

የከተማው ሹማምንት ምን እናበላቸዋለን፣ ምን ያመጡብን ይሆን ብለው ተጨንቀው ነበር። ስደተኞቹ ግን ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ከደሴቲቱ የያዙት ምት፣ ጭፈራና ዘፈን ነበራቸው። ከመጡት ነጻ ጥቁሮችና ክልሶች መካከል አናጢ፣ ግንበኛ፣ ልብስ ሰፊና ሙዚቀኛ ይገኙ ነበር። ይህ ሁሉ እሑድ እሑድ ከገበያው ሜዳ ምት ጋር ተቀላቀለ። በኋላ የጃዝ ስም የተጠራባቸው ብዙ የኒው ኦርሊንስ ቤተሰቦች ትውልዳቸውን የሚቆጥሩት ከእነዚህ ስደተኞች ነው።

ሆኖም ጃዝ በዚያ ሜዳ ላይ ተወለደ ብሎ በአንድ ቃል መናገር ስሕተት ነው። የኮንጎ አደባባዩ ጭፈራ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት እየደከመ ሄዶ ቆመ፤ ጃዝ የምንለው ሙዚቃ ደግሞ የተሰማው ከዚያ ብዙ አሥርት ዓመታት ቆይቶ፣ በ1900 አካባቢ ነው። በመካከሉ ምቱን ያቆየው ምንድን ነው ቢባል፣ አንዱ እድር ነው። አዎን፣ እድር። ከባርነት ነጻ የወጡት ጥቁሮች ወርኃዊ መዋጮ የሚያዋጡባቸው፣ ሲታመሙ የሚጠያየቁባቸው፣ ሲሞቱ የሚቀበሩባቸው ማኅበራት ነበሯቸው። ከማኅበሩ ግዴታ አንዱ ለቀብር የነሐስ መለከት ባንድ ማቅረብ ነው። ወደ መቃብር ሲሄዱ ቀስ ያለ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይነፋል። ሬሳው አፈር ከለበሰ በኋላ ሲመለሱ ደግሞ የሚያስጨፍር ይሆናል፤ ከኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየጨፈረ ይከተላል። ለእኛ ለቅሶ እንግዳ ነገር ነው። እነርሱ ግን ሟቹን ከድካሙ ዐረፈ ብለው ነው የሚሸኙት።

ሌላው ምክንያት ክፉ ሕግ ነው። በ1890ዎቹ ጥቁርና ነጭን የሚለያዩ ሕጎች ሲጠነክሩ፣ ቀድሞ ራሳቸውን ከሌላው ጥቁር ለይተው ይኖሩ የነበሩት የተማሩ ክልሶች ከነጮች ሥራ ተገፉ። እነርሱ ሙዚቃ የሚጫወቱት ወረቀት እያነበቡ፣ በኖታ ነው። ከከተማው ላይኛው ክፍል ያሉት ድሆች ጥቁሮች ደግሞ በጆሮ፣ ከልብ እያወጡ ይጫወታሉ። ሁለቱ በአንድ ባንድ ውስጥ ለመቀመጥ ተገደዱ። አንዱ ለአንዱ የጎደለውን አስተማረ። ባዲ ቦልደን የተባለው ኮርኔት ነፊ (ኮርኔት ከትራምፔት አጠር ያለ መለከት ነው) በዚያ ዘመን ከሁሉ በላይ ስሙ የተጠራ ነበር። በድምፅ የተቀረጸ አንድም ዜማው አልተገኘም። የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ በ1917 ሲታተምም ያሳተሙት ነጮች ነበሩ።

ባንዶቹ ሥራ የሚያገኙት እንዴት ነበር? እንደ ማንኛውም ሻጭ በመጮህ ነው። ማታ ጭፈራ ካለ፣ ቀን ጋሪ ላይ ተጭነው በየመንገዱ እየተጫወቱ ያስተዋውቃሉ። ትሮምቦን ነፊው መሣሪያው ረጅም ስለሆነ የሌላውን ሰው ጀርባ እንዳይወጋ ከጋሪው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ የአነፋፈሱ ዓይነት እስከ ዛሬ ስሙን ያገኘው ከጋሪው የኋላ መዝጊያ ነው። የሁለት ባንድ ጋሪዎች መስቀለኛ መንገድ ላይ ከተገናኙ መንኰራኩራቸውን አስረው አንዱ እስኪሸነፍ ይወዳደራሉ። ፈራጁ በመንገድ የቆመው ሕዝብ ነው።

ሉዊ አርምስትሮንግ የሚባለውን ስም ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በ1901 በዚያው ከተማ ከድሆች ሰፈር ተወለደ። በልጅነቱ ከሊቱዌኒያ ከመጡ አይሁዳውያን ስደተኞች ቤተሰብ ጋር በጋሪ እየዞረ «ቆራሌው» ሆኖ ሠርቷል፤ አሮጌ ጨርቅና ጠርሙስ ይሰበስባሉ፣ ከሰል ይሸጣሉ። ደንበኛ እንዲወጣ ጋሪው ላይ ሆኖ የቆርቆሮ መለከት ይነፋ ነበር። ራሱ እንደተናገረው የመጀመሪያ ኮርኔቱን የገዛው እነዚሁ ሰዎች ባበደሩት ገንዘብ ነው። በዓለም የታወቀው መለከተኛ መንፋት የጀመረው ገበያ ለመጥራት ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ካወራሁ በኋላ የእናትየው ጥያቄ ገና አልተመለሰም፤ ጃዝ ምንድን ነው? እኔ የገባኝን በአገራችን ነገር ልናገር። የቅኔ ተማሪ መምህሩ ፊት ቆሞ ቅኔ ሲዘርፍ ቤቱ የታወቀ ነው፤ ልኩ የታወቀ ነው። ቃሉ ግን የእርሱ ነው፤ እዚያው የሚወልደው ነው። ጃዝም እንደዚሁ ነው። ሁሉም የሚያውቁት አንድ ዜማ አለ። በመጀመሪያ አብረው ይጫወቱታል። ከዚያ ተራ በተራ አንዱ ብቻውን ይወጣና በዚያው ዜማ ልክ የራሱን ይፈጥራል፤ የቀሩት ከሥር ይይዙለታል። ሲጨርስ ለሌላው ይለቃል። በመጨረሻ ወደ ዜማው አብረው ይመለሳሉ። ትናንት የተጫወተውን ዛሬ አይደግመውም። አዝማሪም «ተቀበል!» ተብሎ የተሰጠውን ግጥም ወዲያው በመሰንቆው እንደሚያወጣው ነው። ልዩነቱ የጃዙ ሰው ብዙ ጊዜ ቃል የለውም፤ የሚናገረው በመሣሪያው ብቻ ነው። ምቱም ጭብጨባ ቀድሞ ከምንጠብቅበት ቦታ ትንሽ ፈንጠር ይላል። ለዚህ ነው ያልለመደ ሰው «ተሳሳቱ» የሚለው። እኔም ብዬአለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን ልብ ብዬ ልጆቹን አዳመጥኳቸው። ትዝታ ነበር የሚጫወቱት። ዋሽንቱ ብቻውን ሲወጣ ክራሩ ዝም አላለም፤ ዝቅ ብሎ ይጠብቀው ነበር። ኦርጋኑ ግን ትንሽ ይቸኩላል።

ልጁ «ጃዝ ነው» ማለቱ ከሜዳ የተነሣ ነገር እንዳይመስላችሁ። በአገራችንም የመለከቱ ታሪክ ከስደተኛ ጋር የተያያዘ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም ውስጥ የሚያድጉ ልጆች በመለከት ባንድ ተቀበሏቸው። ልጆቹ በኦቶማን ቱርክ ከተፈጸመው የአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ነበሩ። ራስ ተፈሪ አርባውን ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» ተባሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በሌሎችም ቦታዎች ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አሠልጥኗል።

ጌታቸው መኩሪያን (1935–2016) ሳይጠቅሱ ማለፍ ነውር ነው። በልጅነቱ ክራርና መሰንቆ ይጫወት የነበረ ሰው ነው። ሳክስፎን ሲይዝ የአገሩን ሽለላና ፉከራ በሳክስፎኑ ማሰማት ጀመረ። ጀግና ጎራዴውን መዝዞ የሚለውን ቃል በትንፋሽ ይለዋል። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ በ1943 በጅማ ተወልዶ፣ ምሕንድስና ይማር ተብሎ ወደ ብሪታንያ ተላከ። እዚያ ወደ ሙዚቃ አዘነበለ፤ ቀጥሎም በአሜሪካ ቦስተን በርክሊ በተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረ። ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። የእኛ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ናቸው። የውጭው ሙዚቃ አሥራ ሁለት ድምፅ አለው። አምስቱ እንዳይዋጡ አድርጎ ከአሥራ ሁለቱ ጋር ማስማማት ነው ሥራው፤ ኢትዮ ጃዝ ብሎ ሰየመው። በ1973 ታላቁ የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ ከሙላቱ ጋር ተገናኝተዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ኤሊንግተንን ሸለሙት። ይኸው ኤሊንግተን ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1970፣ በዚያው በኮንጎ አደባባይ ሜዳ በተጀመረው የኒው ኦርሊንስ የጃዝ በዓል ላይ ተጫውቶ ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1974፣ በአገራችን የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊቱ ሙዚቃ ለዓመታት ተዳከመ፤ ብዙ ሙዚቀኞችም ተሰደዱ።

ስለ ጩኸቱም ያላችሁትን አልረሳሁም። በኒው ኦርሊንስ እንኳ ነገሩ አልተፈታም። በ2010 ፖሊስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በመንገድ መጫወት ክልክል ነው ብሎ አንድ የወጣቶች መለከት ባንድን ከተለመደ ቦታው አስነሥቶ ከተማው በክርክር ተናውጦ ነበር። ጃዝ የወጣባት ከተማ! በሌላ በኩል በሰፈሩ የሚተኛ ሕፃንና በሽተኛ መኖሩም እውነት ነው። በእኛ ገበያ ልጆቹ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ቢጫወቱ፣ የሶላትና የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ቢያቆሙ፣ ከክሊኒኩ በኩል ካለው ዳስ ወደ ወፍጮ ቤቱ ቢዛወሩ ለእኔ ይበቃኛል። ወፍጮው ሲሠራ ማንም ስለ ክራር አያማርርም። በራሽን ዘይት ቆርቆሮ የሚሰበስቧትን ሽልንግም እኩል እየተካፈሉ ቢይዙ መልካም ነው፤ ባለፈው ጠብ ያነሣው እርሱ ነውና። አባቶች «አዝማሪ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ መጠቀማቸውን ግን ከእንግዲህ አልደግፍም። ለብሎኩ ሊቀመንበር ያቀረብነውን አቤቱታም ከስሜ አውጥቻለሁ።

ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ለእናትየው አነበብኩላቸው። ሽንኩርታቸውን እየለቀሙ ዝም ብለው ሰሙኝ። ስለ ስደተኞቹ ሳነብ ብቻ «ሁለት ጊዜ?» አሉ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር። «ያ የቆርቆሮ መለከት የሚነፋው ልጅ ትምህርቱን ጨረሰ?»

መዋሸት አልቻልኩም። ገና በልጅነቱ እንዳቋረጠ ነገርኳቸው። ሙላቱ ግን ተምሯል አልኩ ፈጠን ብዬ።

«እንግዲያው» አሉ ዘንቢላቸውን እያነሡ፣ «ሰኞ ጧት ክፍል ካልገባ ቅዳሜ ዋሽንቱ እኔ ዘንድ ነው የሚውለው። መምህር፣ የቀረበትን ቀን እርስዎ ይነግሩኛል።» እሺ አልኳቸው። እስካሁን የቀረ ቀን የለም።